ቁልፉን አታስነጥቂ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የአዊ ልጅ ነኝ፣ ከፋግታ ለኮማ። ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ እየሠለጠንኩ ነው። አሁን ደረጃ 2 ላይ ነኝ። ከ32 ሠልጣኞች ሴቶች 2 ብቻ ነን። አፌን የፈታሁት በአገውኛ ስለሆነ አማርኛዬ ልክ አይደለም። አንድ ልጅማ አነጋገሬን እየቀዳ ክፍሉን ያስቅብኛል። ሌሎቹ ወንዶች ጥሩ ልጆች ናቸው። ወርክሾፕ ስንገባ ‹ተይው፣ እኔ ልሥራልሽ፣ እጅሽ ይቆሽሻል› እያሉ የብሎን መፍቻውን ቁልፍ ይቀበሉኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሞተር ፈትቼ አላውቅም። በቡድናችን መስማት የተሳነው ልጅ አለ። ዕድሜው ወደ 40 የሚጠጋ፣ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ ሰውም አለ። ሁለቱም ከእኔ ይሻላሉ። ኋላ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቤተሰቦቼ በዲከረንስ ዛፍ ከሰል ነበር የሚተዳደሩት። ዛፉን በሽታ ከመታው ወዲህ ብር መላክ ከብዷቸዋል። አጎቴ ደግሞ ‹12ኛን ወድቃ ብረት ልትቀጠቅጥ ሄደች› እያለ ለጎረቤት ያወራል። በቅርቡ ለትብብር ሥልጠና ጋራዥ እንመደባለን። ፈራሁ። ትቼ ብገባ ይሻላል? ለእናቴስ ምን ልበላት?
ስሜ ይቆይ»

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቃል ስፈልግ ነበር። «አልችልም» የሚል። የለም። «ሞተር ፈትቼ አላውቅም» ብለሻል። «ኋላ ቀረሁ» ብለሻል። «ፈራሁ» ብለሻል። «ሞክሬ አቃተኝ» ግን የትም ቦታ አላልሽም። እንዴትስ ትያለሽ? የምትሞክሪበትን ሰዓት ሌሎች ወስደውብሻል።

ስለዚህ ትቼ ልግባ ወይ የሚለውን ለጊዜው እናቆየውና ስለ ቁልፉ እናውራ። ከቋንቋውም፣ ከገንዘቡም፣ ከአጎትሽ ምላስም የሚቀድመው እሱ ነው።

ልጆቹ ክፉ አይደሉም ብለሻል፤ አምኜሻለሁ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ሴት ከባድ ዕቃ ስታነሳ ቆሞ ካየ ይታማል። (የውኃ እንስራውን ግን ማንም አያግዘንም። እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።) «እጅሽ ይቆሽሻል» ማለት ለእነሱ ጨዋነት ነው። አንቺ ግን እዚያ የገባሽው እጅሽ እንዲቆሽሽ ነው። አንድ ብሎን በፈቱልሽ ቁጥር ያንቺን ሥልጠና እነሱ ይሠለጥኑልሻል። እንጀራ ሲጋገር አጠገብ ቆሞ በማየት ጋጋሪ የሆነ ሰው አላውቅም።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ሲኦሲ፣ የብቃት ምዘናው፣ አለ። ምዘናው ጽሑፍ አለው፣ ተግባርም አለው። ጽሑፉን አጥንተሽ ታልፊው ይሆናል። የተግባሩ ዕለት ግን መዛኙ ሥራውን ይሰጥሻል፣ ሰዓቱን ይነግርሻል፣ ከዚያ እጅሽን ያያል። የሚመዝንሽ ያሠለጠነሽ ሰው አይደለም። ጸባይሽን አያውቅም። ትጉህ መሆንሽን አያውቅም። የሚያየው የትኛውን ቁጥር ቁልፍ እንዳነሳሽ፣ ከየትኛው ብሎን እንደጀመርሽ፣ የፈታሽውን የት እንዳስቀመጥሽ ነው። ከዚያ ወይ «ብቁ» ይልሻል ወይ «ገና ብቁ ያልሆነች» ይልሻል። እዚያ ክፍል ውስጥ «ተይው፣ እኔ ልሥራልሽ» የሚል ወንድም የለም።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ጠብ አያስፈልግም። ልጁ ቁልፉን ሊቀበልሽ እጁን ሲዘረጋ አትልቀቂ። «ወንድምዓለም፣ እኔ ልፍታው፤ ስሳሳት ንገረኝ» በይው። «ስሳሳት ንገረኝ» የምትለውን አትርሻት። ልጁ መርዳት ነበር የፈለገው፤ የሚረዳበትን መንገድ አሳየሽው ማለት ነው። እጁን ያነሳል፣ ዓይኑ ግን ካንቺ ጋር ይቆያል። በማግስቱ ይረሳዋል፤ ደግመሽ ትይዋለሽ። ሦስተኛ ጊዜ ስትይው ይስቅና ይተወዋል።

ቀጥለሽ አሠልጣኛችሁን አናግሪ። «ወንዶቹ አያሠሩኝም» ብለሽ ግን አትጀምሪ። ክስ ይመስላል። እሱ ይቆጣቸዋል፣ እነሱ ያኮርፉሻል፣ አንቺ መሀል ትቀሪያለሽ። «በቡድን ስንሠራ ሥራው በተራ ይሁንልን» በይ። አንዱ ይፈታል። አንዱ ሞጁሉን፣ የሥልጠናውን ጽሑፍ፣ ያነባል። አንዱ ዕቃ ያቀብላል። አንዱ የተፈታውን በቅደም ተከተል እየደረደረ ይመዘግባል። ሥራው ሲቀየር ቦታውም ይቀየራል። ይህን ስትጠይቂ ለራስሽ ብቻ የጠየቅሽ እንዳይመስልሽ። ሁለት ሦስት ቀልጣፎች ሞተሩን ከበው፣ ሌላው እጁን ኪሱ ከቶ ሲያይ የሚውልበት ወርክሾፕ ብዙ አይቻለሁ። እጃቸውን ኪስ ከከተቱት ውስጥ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። እነሱም ሲኦሲ ይጠብቃቸዋል። እነሱ ግን «አልነካሁም» ማለት ከአንቺ የበለጠ ያፍራሉ።

ወርክሾፑ ባዶ የሚሆንበት ሰዓትም አይጠፋም። ጓደኛሽን ያዢና አስፈቅዳችሁ ግቡ። አንድ አሮጌ ሞተር ፍቱ፣ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ደግሞ ፍቱ። መጀመሪያ ላይ ብሎን ይተርፋችኋል። ያልተረፈው ሰው የለም።

«ጉልበት የለሽም» የሚሉሽ ከሆነ ደግሞ ይህን ያዢ። ብሎን የሚፈታው ክንድ ብቻ አይደለም፣ የእጀታው ርዝመትም ነው። በ20 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ የምትገፊውን ያህል በ60 ሳንቲ ሜትር እጀታ ብትገፊ ብሎኑን የሚያዞረው ኃይል 3 እጥፍ ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተው የሚያስረዝሙት ለዚህ ነው። ቱቦውን እስከ ጥግ አስገቢው፣ እንዳያመልጥሽ። በክንድሽ ከመሳብ የሰውነትሽን ክብደት ጥለሽ ወደ ታች መግፋት ይቀላል። ብሎኑ ከዛገ ዘይት አፍስሺበትና ትንሽ ጠብቂው። በዚያ ቱቦ ግን አታጥብቂበት፤ ብሎኑ ይቆረጥና ያን ጊዜ ጣጣው ሌላ ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ወንዱም ብቻውን አያወርደውም። ክሪክ ይቀርባል፣ ሰው ይጠራል። እርዳታ መጠየቅ ቦታው እዚያ ነው። ለትንሿ ካንዴላ አይደለም።

አሁን ወደ ቡድንሽ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የወደድኩት ቦታ እሱ ነው። አንቺ ሳታስቢው ነው የጻፍሽው።

መስማት የተሳነው ልጅ ለምን እንደሚሻልሽ ልብ ብለሽ አይተሻል? የአሠልጣኙን እጅ ነው የሚያየው። ሌላ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ዓይኑን አይነቅልም። አንቺ አማርኛውን ለመከተል ስትጣደፊ እጁ ያመልጥሻል። ልጁ ግን ሳይቸገር የሚውል እንዳይመስልሽ። አሠልጣኙ ፊቱን ሞተሩ ውስጥ ቀብሮ ሲያስረዳ እሱ ምንም አያገኝም። ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ጀርባውን ሰጥቶ ሲናገርም እንዲያው። አንቺም ድምፁ ሲታፈን ቃሉ ይጠፋብሻል። ችግራችሁ አንድ ነው። አብራችሁ ሂዱና «እባክዎ መጀመሪያ ሠርተው ያሳዩን፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ያስረዱን» በሉት። ብዙ አሠልጣኞች ይህን የማያደርጉት ነግሯቸው የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። በጀት አይጠይቅም። ከዲኑ ፊርማም አያስፈልገውም።

ከልጁም ጥቂት ምልክቶች ተማሪ። «አቁም»፣ «አጥፋ»፣ «ልቀቅ»፣ «አደጋ» የሚሉትን አስቀድሚ። እሱን ለማስደሰት ብዬ አይደለም። ሞተር ተነስቶ እጁን ወደ ቺንጋው፣ ወደሚሽከረከረው ቀበቶ፣ ሲያስጠጋ ብትጮኺ አይሰማሽም። ሞተሩ ሲያጓራ እናንተም እርስ በርስ አትሰማሙም። ቡድናችሁ በሙሉ አራቱን ምልክት ቢያውቅ አንድ ቀን የሰው ጣት ያተርፋል።

ሰውዬው ደግሞ ሌላ ሀብት ነው። የጭነት መኪና ረዳት የነበረ ሰው ማለት መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ከሾፌሩ ጋር ሥር ተኝቶ ያደረ ሰው ነው። የዓባይን በረሃ ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ የጋለ ፍሬን ምን እንደሚሸት በአፍንጫው ያውቃል። አሠልጣኙ በመጽሐፍ የሚያውቀውን እሱ በጀርባው ያውቀዋል። ግን ሞጁሉ እንግሊዝኛ ነው። በ40 ዓመቱ ከልጆቹ እኩያ ጋር ተቀምጦ «አልገባኝም» ማለት ለእሱ ምን ያህል እንደሚከብደው አስቢ። አንቺ ደግሞ እስከ 12ኛ ተምረሻል። እንግሊዝኛሽ ፍጹም አይደለም፣ ግን ገጹን ታነቢዋለሽ። ስለዚህ «ጋሼ፣ እኔ ላንብብልዎት፣ እርስዎ እጄን ያስተካክሉልኝ» በይው። ውለታ አይደለም። ልውውጥ ነው። ማታ አንድ ገጽ፣ ቀን አንድ ሥራ። እሱም ጽሑፉን ያልፋል፣ አንቺም ተግባሩን።

ኮሌጁ የሚሰጣችሁ ድጋፍ አለ፤ እመጣበታለሁ። ግን ይህን ቡድን ሳትጠቀሚበት ወደ ቢሮ እንዳትሄጂ ነው ቅድም ያስቀመጥኩት።

አማርኛሽ ልክ አይደለም ያለሽ ማነው? ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፈሽልኛል፣ እኔም ሁሉን ተረድቻለሁ። አንቺ በልጅነትሽ በአገውኛ ተማርሽ፣ አማርኛ ጨመርሽ፣ ሁለተኛ ደረጃ ስትገቢ እንግሊዝኛ ጨመርሽ። ወርክሾፑ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የራሱን ጫነብሽ። ሞጁሉ «ጋስኬት» ይላል፣ ጋራዡ ጓርኒሲዮን። ሞጁሉ «ክለች» ይላል፣ ጋራዡ ፍሪሲዮን። «ቤሪንግ» ኩሽኔታ ነው። የሚፈታበት ካቻቢቴ፣ የሚታሰርበት ሞርሳ፣ የሚበሳበት ትራፓኖ። ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቃል ነው። ደብረ ማርቆስ መሀል ተወልዶ ያደገውም ልጅ ይህን ከእናቱ አልተማረውም። እዚህ ላይ 32ታችሁም እኩል ናችሁ።

ትንሽ ደብተር ግዢ። ዕቃውን በእርሳስ ሳዪው። ጎኑ ላይ ሞጁሉ የሚለውን፣ ጋራዡ የሚለውን፣ ምን እንደሚሠራ ጻፊ። የሚሠራውን በአገውኛ ብትጽፊው ቶሎ ይገባሻል። ማንም አያርመውም። በዚያ ደብተር ወር ስትቆዪ ቁልፍ አቀብዪ ሲሉሽ የማትደናገጪ አንቺ ትሆኛለሽ።

የሚያሾፍብሽን ልጅ ግን ከደጎቹ ጋር አትደባልቂው። እሱ ሊረዳሽ አይደለም የሚፈልገው። መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ሰው ባለበት፣ ድምፅሽን ሳታነሺ «ስሜን ታውቀዋለህ፤ እንደ ሰው አናግረኝ» በይው። አትሳቂ። እኛ ሴቶች ስንናደድ እንስቃለን፤ እሱ ፈቃድ ይመስለዋል። ካልተወ ቀኑንና ያለውን ጻፊ። ከዚያ ወደ ክፍል ኃላፊው፣ ወይም ወደ ሠልጣኞች መማክርት፣ ወይም የሴቶችን ጉዳይ ወደሚከታተለው ቢሮ ሂጂ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም፤ ብዙ ልጅ ዝም ብላ ነው ሻንጣዋን የሸከፈችው። ልጁን ደግሞ እስኪ እንጅባራ ገበያ ውሰዱትና በአገውኛ ድንች ይግዛ። በስንት ይሸጡለት ይሆን?

አንድ ነገር ላስገባ። አሠልጣኝ ስታናግሪ በሥራ ሰዓት፣ በር ክፍት በሆነበት ቦታ፣ ከተቻለ ከጓደኛሽ ጋር ይሁን። አብዛኞቹ እንደ አባት ናቸው። ማታ ብቻሽን እንድትመጪ የሚጠይቅ ካለ ግን አትሂጂ፣ ለአንድ ሰውም ንገሪ። አላበዛውም፤ ገብቶሻል።

አጎትሽን በአጭሩ እንለፈው። በ2016 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ 12ኛ ክፍልን ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። አጎትሽ መሳደብ ካማረው ከመቶው ልጅ ዘጠና አምስቱን በተራ ይሳደብ። «ብረት ቀጥቃጭ» የምትለዋ ደግሞ የቆየች በሽታችን ናት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። መቶ ዓመት አልፎ አዋጁ እስካሁን አጎትሽ ቤት አልደረሰም። ማረሻውን ማን ቀጥቅጦ እንደሰጠው አንድ ቀን ጠይቂው። በጨዋነት፣ እንደ ታላቅ።

አሁን ወደ ጋራዡ። ፍርሃትሽ እዚህ ላይ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ሳትመደቢ በፊት እንዘጋጅ።

የትብብር ሥልጠና የሚመድበውን ሰው ዛሬ ነገ ሳትይ አግኚው። ምደባው ከተለጠፈ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው። ጠይቂው። ጋራዡ ከዚህ በፊት ሴት ሠልጣኝ ተቀብሎ ያውቃል? መጸዳጃ አለው? ልብስ የሚቀየርበት፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል አለ? እነዚህ የቅንጦት ጥያቄዎች አይደሉም። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር የምትቀር ልጅ ከወሩ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚጎድልባት አስዪው። ከቻልሽ ከዚያች ከሁለተኛዋ ልጅ ጋር አንድ ጋራዥ እንዲመድቧችሁ ጠይቂ። ሁለት ስትሆኑ ወሬውም ይቀንሳል፣ መንገዱም ይቀላል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሻይ አምጪ፣ ወለል ጥረጊ፣ ዕቃ እጠቢ ይሉሻል። በዚህ አታኩርፊ። አዲስ ገቢ ሁሉ፣ ወንዱም፣ ይላካል። የጋራዥ ሕግ ነው። እያጠብሽ ዕቃዎቹን ትለምጃቸዋለሽ። ግን አብሮሽ የገባው ወንድ ከመጥረግ ወደ መፍታት ሲያልፍ አንቺ ቡና ላይ ከቀረሽ ያን ጊዜ ተናገሪ። መጀመሪያ ለዋናው መካኒክ። «ጋሼ፣ ዛሬ የፍሬኑን ሥራ እኔ ልያዝ» በይ፤ አንድ የተለየ ሥራ ጥሪለት። «ሥራ ስጡኝ» ካልሽ ይረሳዋል። «ፍሬኑን» ካልሽ ወይ ይሰጥሻል ወይ ምክንያት ይነግርሻል።

ሎግ ቡክሽን፣ የየዕለቱን ሥራ የምትመዘግቢበትን ደብተር፣ በየማታው ሙዪ። «አየሁ» እና «ሠራሁ» የሚሉትን ለያይተሽ ጻፊ። ብዙ ሠልጣኝ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ከጓደኛው ይገለብጣል፤ አሠልጣኞችም ያውቁታል። አንቺ ግን ይህን መዝገብ ለራስሽ ነው የምትፈልጊው። ሁለት ሳምንት ሙሉ «አየሁ» ብቻ ከሆነ የኮሌጁ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ገጹን ገልጠሽ አሳዪው። ወሬ ሳይሆን ወረቀት ያያል።

ስለ ልብስሽም ልንገርሽ። ቱታው ሁሉ ለወንድ ነው የሚሰፋው። እግሩ ይጎተታል፣ እጅጌው ይረዝማል። ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂና አስጠብቢው። ሹሩባሽን ጠቅልለሽ እሰሪ፣ የሻሽሽ ጫፍ እንዳይንጠለጠል። ማተብሽን ወደ ውስጥ አስገቢ። የሚሽከረከር ቺንጋ ማተብ አያውቅም።

ገንዘቡ ላይ ላጽናናሽ አልችልም። የዲከረንሱ ነገር የአንድ ቤት ችግር አይደለም፤ አካባቢው በሙሉ ነው የተጎዳው። እንደ ምክንያት ግን ይጠቅምሻል። ከቀበሌሽ የችግረኝነት ደብዳቤ አጽፊ፣ ቤተሰብሽ በምን ይተዳደር እንደነበርና አሁን ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት። ይዘሽው ኮሌጁ ሂጂ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ለችግረኛ ሠልጣኝ የሚያደርገው ይለያያል፤ አንዱ ጋ ቁሳቁስ ነው፣ ሌላው ጋ ግቢ ውስጥ የሰዓት ሥራ ነው። ቢያንስ ስምሽ መዝገብ ላይ ይግባ። ያልተመዘገበ ችግረኛ አንድ ነገር ሲገኝ አይጠራም። ቅዳሜና እሑድ ጎሚስታ ቤት ወይም ላቫጆ ቀን በቀን መሥራት ከተገኘ ከሙያሽም አይርቅም። የማታ ሥራ ግን ይቅርብሽ። ከቤት ሲመጣ ድንችና በሶ ይምጣልሽ፣ ብር ከመላክ ይቀላቸዋል። አብረውሽ ከሚኖሩት ጋር አንድ ድስት ጣዱ። ለየብቻ ማብሰል ከሰል መጨረስ ነው። የከሰል ዋጋ ደግሞ ላንቺ አልነግርሽም።

እና ትቼ ልግባ? አሁን አይደለም። ያልነካሽውን ሥራ ጠላሁት ማለት አትችዪም። የትብብር ሥልጠናውን ጨርሺ። እጅሽ ሠርቶ፣ ሞተሩን ፈትተሽ ገጥመሽ፣ ከዚያ «ይህ ሥራ የኔ አይደለም» ካልሽ ሙያ መቀየር ነውር የለውም። ያን ጊዜ ጻፊልኝ፣ ስለ ሌላ ሙያ እናወራለን። የደረጃ 1 ማስረጃሽን በደንብ አስቀምጪ፤ የሠራሽው ሥራ ነው፣ ማንም አይወስደውም።

ምናልባት ግን ከአቅም በላይ ሆኖ፣ ታመሽ ወይም መንገድ ተዘግቶ ወይም ብሩ ጭራሽ ጠፍቶ፣ ማቋረጥ ግድ ከሆነ ዝም ብለሽ አትጥፊ። ሬጅስትራር ሂጂና የማቋረጫ ቅጹን ሙዪ፣ ኮፒውን ያዢ። ቤት ከሆንሽና መምጣት ካልቻልሽ በስልክ አስታውቂ፣ ጓደኛሽ ደብዳቤ ታስገባልሽ። ሞልቶ የወጣ ሰው ለመመለስ የሚይዘው ወረቀት አለው። ሳይሞላ የጠፋ ግን ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ ለምን እንደጠፋ ያስረዳል።

እናትሽን ደግሞ «ደህና ነኝ» ብቻ ብለሽ ስልኩን አትዝጊ። እናቶች ከድምፅ ይሰማሉ፤ ያልነገርሻትን ራሷ ትሞላዋለች፣ የምትሞላው ደግሞ ከእውነቱ የባሰ ነው። የከበደሽን ንገሪያት። ወርክሾፑ ውስጥ ምን ልታደርጊ እንዳሰብሽ ንገሪያት። የመጀመሪያዋን ብሎን የፈታሽ ዕለት ደግሞ ለብቻው ደውዪላት፣ ብር ሳትጠይቂ። ከዚያ በሌላ ቀን ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ቀበሌው ደብዳቤ ተነጋገሩ። አጎትሽ አጠገቧ ከተቀመጠ ቆይተሽ ደውዪ።